ራጅ ቤት የያዝኳቸው ልጆች

ደሜ ውስጥ የታየው ነገር ከዕድሜዬ የመጣ ነው ወይስ ከእጄ ሥራ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ካነሳሁት ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም መልስ የለኝም። መልስ ይገኝለታል ብዬም አልጠብቅም። ሰው መልስ የሌለውን ነገር አንድ ጥግ አስቀምጦ መኖር ይችላል፤ እኔም እንደዚያው ስኖር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን አቼቶ ሸተተኝና ካስቀመጥኩበት አወጣሁት።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳዬን ከቤት ውጭ መብላት ለምጄአለሁ። መጽሐፌን ይዤ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ማዕዘን አጠገብ ያለው ምግብ ቤት እገባና ግድግዳውን ተጠግቼ እቀመጣለሁ። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ እንደ ጅግጅጋ ወግ ጎኑ ላይ አንድ ሙዝ፣ ከዚያ ሰላጣ። አስተናጋጁ የዚያን ቀን አቼቶውን አብዝቶት ኖሮ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ሽታው ቀደመው። ለሌላው ሰው አቼቶ ሰላጣ ነው። ለእኔ ግን ያቺ መስኮቷ ወደ ምሥራቅ የሚከፈተው ጠባብ ላቦራቶሪ ናት፤ ሴሎቹ ቅርጻቸውን እንደያዙ እንዲቀሩ የምናፈስባቸው አሲድ የአቼቶ ዘመድ ነውና። ሹካዬን አስቀመጥኩ። አስተናጋጁ «ኤዶ፣ ምን ጎደለ?» አለኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ እዚህ ከተማ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ሁሉ የሁሉም አክስት ናት። «ምንም አልጎደለም፣ በዝቶ ነው» አልኩት።

ያ ነገር ላቦራቶሪው ውስጥ የታየበት ዘመን እንዲህ ነው፤ ከተማው ከተረበሸበት ክረምት በኋላ፣ ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ከመሸፈኑ በፊት ያለችው አጭር ጊዜ። ሱቆች እንደገና ቀለም ይቀቡ ነበር። አንዱ አረንጓዴ ቀባ ሲባል ጎረቤቱ ሰማያዊ ይቀባል፤ አውሎው አቧራውን ይዞ ይመጣና ሳይደርቅ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል። ከቶጎጫሌ በየቀኑ የሚገቡት ሚኒባሶች ጣሪያቸው ላይ ፍራሽና የአበባ ሥዕል ያለበት ፔርሙስ ተከምሮባቸው ነው የሚመጡት። የዚያን ዓመት ሴቶቹ ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ በብርቱካንማ ለብሰው ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ብርቱካንማ ሆኖ የከረመበት ዓመት ብዬ ነው የማስታውሰው። በአምስት ብር አንድ ብርጭቆ ሻይ በወተት ይጠጣል፣ በዚያው አምስት ብር ሻይ ሻጯ የምታወራው የሰፈር ወሬ በነፃ ይጨመራል። ባጃጆቹ የሚያሰሙት ዘፈን ከሐርጌሳ የመጣ ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ አንዲት ሴት በኡድ ታጅባ ቀስ ብላ የምትለምንበት ዘፈን ነው። ምን እንደምትለምን አንድ ጊዜ ሾፌሩን ብጠይቀው «ስልክ እንዲያነሳላት ነው» አለኝ። አላመንኩትም።

እኔ አስካለ እባላለሁ። ያደግኩት አፍደም ነው፤ አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኔ ቤት ቀረሁ፣ ማንበብ የተማርኩት ከሻንጣና ከሣጥን ላይ ጽሑፍ ነው። ባቡሩ እየሳሳ ሲመጣ ወደ ጅግጅጋ መጣሁ፤ አገባሁ፣ ሳልወልድ ቀረሁ፣ ተለያየን፣ ከዚያ ከከተማው ሆስፒታሎች በአንዱ በፅዳት ሠራተኝነት ተቀጠርኩ። የማታ ትምህርት የጀመርኩት ሌሎች ሴቶች ልጆቻቸውን በሚድሩበት ዕድሜ ነው። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ሲገባ ተማሪው ለእሱ ይቁም ለእኔ ግራ ይገባው ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ነጭ ካፖርት ለብሼ ወደዚያው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ስመለስ አንዳንዱ ባልደረባዬ ያኔም ሳያስበው «አስካለ፣ እዚህ ጋ ውሃ ፈሷል» ይለኝ ነበር። እኔም ሳላስበው መጥረጊያ ፍለጋ እዞራለሁ።

በፅዳት ሠራተኝነቴ ዘመን ከመጥረጊያው ሌላ አንድ ሥራ ነበረኝ፤ በየትኛውም ወረቀት ላይ ያልተጻፈ። ራጅ ቤቱን የሚያሠራው አደን የሚባል የጅግጅጋ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ አማርኛው ከእኔ የሚጣፍጥ። እጁ የተሰበረ ወይም ደረቱ የታመመ ሕፃን ሲመጣ ራጁ እስኪነሳ ዝም ብሎ አይቆምም፤ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። እናቱን ማስገባት አይቻልም፤ ሆድ ይኖራት ይሆናል፣ ጨረሩ ደግሞ ለፅንስ አይበጅም። አደን እንዳይጠይቃት ደግሞ አማቷ አጠገቧ ቆማለች፣ የሁለት ወር ሆድ በአማት ፊት አይወራም። አባትየው ውጭ ዛፉ ሥር ተቀምጧል፤ የልጅ ለቅሶ የሴት ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው፣ የሚጠራውም የለም። ስለዚህ አደን በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ኮሪደሩ ይጣራል፤ «አስካለ አባዮ፣ ነይ ያዢልኝ።» አባዮ እህቴ እንደማለት ነው። ለእናቶቹም «እሷ ምንም አትሆንም» ይላቸዋል። አልወልድም፤ ነገሩ ይኸው ነው። በክፋት አልነበረም። እኔም በክፋት አልወሰድኩትም፤ እንዲያውም ራጅ ቤት መጠራት ከባልዲ የሚያሳርፍ ክብር ይመስለኝ ነበር።

እዚያ ቤት አንድ የእርሳስ ሽርጥ ነበረ፤ ጨረር የማያሳልፈው፣ እንደ ሲሚንቶ ጆንያ የሚከብደው። ለሚይዘው ሰው ነው የተሰጠው። አደንም መጀመሪያ መጀመሪያ ያለብሰኝ ነበር። ችግሩ ልጆቹ ይፈሩታል፤ ያ ጥቁር ወፍራም ነገር ሲጠጋቸው የነበራቸውን ለቅሶ በእጥፍ ያሳድጉታል። አንድ ቀን አውልቄ ብይዝ ልጁ ደረቴ ላይ ተለጥፎ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ሽርጡ ታጥፎ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ አደንም አልጠየቀኝ እኔም አላነሳሁት። ልጁን ሳስረክብ እናትየዋ ሁለት እጇን ዘርግታ «አላህ ልጅ ይስጥሽ» ትለኛለች። ሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ልጅሽን ለያዘልሽ የሚሰጠው ምርቃት ይኸው ነው። እኔ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ወደ መጥረጊያዬ እመለሳለሁ።

ወደዚያች ብርቱካንማ ዓመት ልመለስ። ሰላማዊት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጣች። ዶክትሬቷን ልትሠራበት ያሰበችው ነገር በከተማውና በአካባቢው ራጅ የሚያነሱ ባለሙያዎች ደም ውስጥ ክሮሞዞሞች ተጎድተው እንደሆነ ማየት ነው፤ ላቦራቶሪውም እኔን ረዳት አድርጎ ሰጣት። የመጀመሪያው ቀን የራጅ ሠራተኞቹን ሰብስባ አስረዳች። ደም ወስደን፣ ነጭ ሴሎቹን ከቦሎቄ በሚወጣ ነገር ቀስቅሰን ሦስት ቀን በሰውነት ሙቀት እናቆያቸዋለን፤ ሴሉ ለመከፈል ይነሳል፤ ክሮሞዞሙ የተሰበረ ከሆነ ስባሪው ከዋናው ጋር መጓዝ ስለማይችል ወደኋላ ይቀርና ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነጥብ ይሆናል፤ እሷን ነው የምንቆጥረው፣ አለች። አደን ጢሙን ዳሰሰና «ገባኝ» አለ። «ሰፈር ሲነሳ ከግመሉ ጭነት የምትወድቅ ዕቃ ናት። ቤቱ ሄደ፣ የወተት ዕቃዋ ሜዳ ላይ ቀረች።» ሰላማዊት ይህን በየሄደችበት እንደምትጠቀምበት በኋላ ነገረችኝ።

ዋናው ሥራ ሳይጀመር ዕቃው በትክክል እንደሚሠራ ለማየት በእኛው ደም እንሞክር ተባለ፤ የእሷና የእኔ። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ቲዩቦቹን የሚያሞቀው ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ መቀዝቀዝ ጀመረ። ሰላማዊት ግንባሯን ይዛ ቆመች፣ እኔም ከእሷ አልተሻልኩም፤ መንገድ ያገኘችልን ሻይ ሻጯ ናት። ብርጭቆ ልትሰበስብ ገብታ ሁለት ሰዎች ሣጥን ከበው ሲያዝኑ አየችና «ምን ሞተባችሁ?» አለች። ሙቀት እንዳይሄድበት የምንፈልገው ነገር አለ ስንላት በብብቷ የያዘችውን ትልቅ ፔርሙስ አየት አደረገችና «ታዲያ ይኼ ለምን ተፈጠረ?» አለች። ቲዩቦቹ በቴርሞሜትር የተለካ ሞቅ ያለ ውሃ በያዘ ባለአበባ ፔርሙስ ውስጥ ዋሉ። ለብዙ ቀን የወተት ሻይ ሽታ ነበራቸው።

ስላይዶቹ በጊምሳ ተቀልመው ሲደርቁ ሰላማዊት ስም ሸፍና ሀ እና ለ ብላ አቀረበችልኝ፤ ቆጣሪው የማን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ጊምሳ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ወባ ስፈልግበት የኖርኩት ቀለም ነው። ወባ ሲገኝ ይገኛል፣ ሲታጣ ይታጣል፤ ይህኛው ግን ዓይን ያስጨንቃል። ነጥቧ ክብ ናት ወይ? ከዋናው ኑክሊየስ ተለይታለች ወይስ ተደግፋዋለች? ቀለሟ ከእሱ ጋር አንድ ነው? ሁሉንም ካላሟላች አትቆጠርም። ሺህ ሴል መቁጠር አለብኝ። ለ የተባለው ስላይድ ንጹህ ነው፤ አልፎ አልፎ አንዲት ነጥብ፣ ማንም ላይ የሚገኝ። ሀ ላይ ግን ገና ግማሹን ሳልጨርስ በእጄ የያዝኩት መቁጠሪያ ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ እንዲህ አልኩ፤ «ይሄ ሰው ራጅ ቤት ነው የኖረው። አደን ሳልሰማ ደም ሰጥቷል እንዴ?»

ቀና ብዬ ሰላማዊትን ሳያት የሸፈነችበትን ፕላስተር በጥፍሯ እያነሳች ነው። «እትዬ አስካለ» አለች፣ «ይኼ የእርስዎ ነው።»

ያን ጊዜ ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ቆጠራው ተሳስቶ ይሆናል የሚል ነው። እንደገና ቆጠርኩት። ከዚያ እሷ ቆጠረችው። ከዚያ ሌላ ደም ሰጥቼ ከመጀመሪያው ጀመርን። በሁለተኛውም ብዙ ልዩነት አልመጣም፤ ከሚጠበቀው በላይ ነው። ሰላማዊት ወንበሯን ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። «በሽታ አይደለም፣ እንዳይደነግጡ። ዕድሜ ሲገፋ ይጨምራል፣ ሴት ላይ ደግሞ ከወንድ ይበልጣል። ጎመን የማያዘወትር ሰውም ላይ ከፍ ይላል። በአንድ ሰው ደም ላይ ተመስርቶ ስለዚያ ሰው ምንም ማለት አይቻልም፤ የምናወዳድረው ቡድንን ከቡድን ጋር ነው።» ቀጥላ ለወጉ ያህል ጠየቀችኝ፤ «ራጅ ክፍል ተመድበው ሠርተው ያውቃሉ?»

ልመልስ አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳና አደን የሸሚዙን እጅጌ እስከ ትከሻው ጠቅልሎ ገባ። «ደሜን ውሰዱልኝ፤ ንጹህ ነው ወላሂ። ዕድሜዬን ሙሉ ከግድግዳ ጀርባ ነው የኖርኩት። ሚስቴ እንኳ ስትቆጣኝ ግድግዳ ፍለጋ እዞራለሁ።» ሰላማዊት ሳቀች። እኔ ለጥያቄዋ «ተመድቤ አልሠራሁም» አልኳት። ቃል በቃል እውነት ነው፤ አልተመደብኩም። ከዚያ የአደንን ክንድ አሰርኩና ደም ሥሩን መፈለግ ጀመርኩ። ይህ ሰው የማታ ትምህርት ስጀምር የሒሳብ መጽሐፉን ያዋሰኝ ሰው ነው። ደረቴ ላይ ተለጥፈው ዝም ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ የአንተ ጥፋት ናቸው ብዬ ለእሱ መልሼ እንዴት አድርጌ ነው የማስረክበው? ማስረጃ ቢኖረኝ አንድ ነገር ነው። የነበረኝ ግን «ምናልባት» ብቻ ነበር።

ለሰላማዊት ዓመታት ቆይቶ በስልክ ነግሬአታለሁ። «ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ» ብላ ጀመረች። ከዚያ ራሷን አረመች፤ «ያኔ ቢነግሩኝም የምልዎት ይህንኑ ነበር። ነጥቧ ከምን እንደመጣች ላይዋ ላይ አይጻፍም።» ትክክል ናት። ሰላማዊትን ከምወድበት ነገር አንዱ ልታጽናናኝ ብላ እንኳ የማታውቀውን ነገር አለመናገሯ ነው።

ጥናቱ ቀጠለ። ከቶጎጫሌ ክሊኒክ የሚመጣው ደም በመጀመሪያው ጊዜ እንዴት እንደመጣ አልረሳውም። እኛ ቲዩቦቹ ሳይሞቁም ሳይቀዘቅዙም ይምጡ ብለናል፤ ሴሎቹ በሕይወት መድረስ አለባቸው። እዚያ ያለው ነርስ ግን በክትባት ዘመቻ ያደገ ሰው ነው፤ ከጤና ጣቢያ የሚወጣ ነገር ሁሉ በረዶ ይፈልጋል ብሎ ያምናል። የክትባት ሣጥን ፈልጎ፣ በረዶውን ከዓሣ ነጋዴ ሳይሆን ከራሱ ቤት ማቀዝቀዣ አምጥቶ፣ ቲዩቦቹን በጥጥ ጠቅልሎ በረዶው መሀል ቀብሮ፣ ሾፌሩን «ፀሐይ እንዳታስነካው» ብሎ አስምሎ ላከው። ስንከፍተው ደሙ ፈርሶ ውሃው ቀልቷል። ሰላማዊት ልትቆጣ ስልኩን አንስታ የጥጡን አጠቃለል ስታይ መልሳ አስቀመጠችው። «እንዲህ ተጨንቆለት» አለች። በማግስቱ ራሷ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄዳ፣ ነርሱ የገዛላትን ምሳ በልታ፣ ደሙን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ተመለሰች።

በዚያ ሰሞን ነው ኮሪደሩ ላይ የአደንን ድምፅ በአዲስ ጆሮ የሰማሁት። «ሮዳ፣ ነይ ያዢልኝ።»

ሮዳ ከእኔ በኋላ የመጣችው የፅዳት ሠራተኛ ናት፤ የሸደር ልጅ፣ ከሃያ ብዙ ያልዘለለች፣ ከተዳረች ሁለት ዓመት የሆናት፣ ልጅ ያልመጣላት። የባሏ ቤተሰብ መጠየቅ ጀምሯል። አደን «እሷ ምንም አትሆንም» የሚለውን ለእሷም ይል እንደሆነ አላውቅም፤ የሚጠራት ግን እሷን ነው። ደግሞ ትሮጣለች። ባልዲዋን ጥላ፣ እጇን በጉርዷ ጠርጋ፣ እየሳቀች ነው የምትገባው። መጀመሪያ ያልገባኝ ሩጫው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ምርቃት ስትቀበል አየኋት፤ ሁለት መዳፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «አሜን፣ አሜን፣ አሜን»፣ ከዚያ መዳፏን ፊቷ ላይ አውርዳ ሆዷ ላይ ታሳርፋለች። ሮዳ ልጆቹን የምትይዘው ለምርቃቱ ነው። ስንት እናት «አላህ ልጅ ይስጥሽ» ካለቻት አላህ እንደሚሰማ ልቧ ነግሯታል።

እኔ ምን ላድርግ? አትያዢ ብላት ለምን ትለኛለች። ለምን ካለችኝ ደሜን መንገር ነው። ደሜን ከነገርኳት አደን ይሰማል። እናም ሞኝ የሆነ መላ አመጣሁ፤ አደን ሲጣራ ከላቦራቶሪ ወጥቼ እቀድማታለሁ። «ተይ እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ኮሪደሩን ጨርሺ።» ነጭ ካፖርቴን እንደለበስኩ እገባለሁ። አደን መጀመሪያ ቀን «ናፈቀሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሽርጡን ከምስማሩ አውርጄ ስለብስ ደግሞ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም፤ አልጠየቀኝም ግን። ሮዳ በሦስተኛው ቀን ሰላምታ ነሳችኝ። ላቦራቶሪውን ስትጠርግ የእኔን ጠረጴዛ ሥር እየዘለለች ታልፍ ጀመር። ሻይ ሻጯ «ያቺ ልጅ ምን ብታደርጊያት ነው?» አለችኝ። በአምስት ብር ሻይ ውስጥ እኔም ወሬ ሆኜ ገባሁ።

ሮዳ ዛሬ ቶጎጫሌ ትኖራለች፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ይህን እዚህ ላይ የምናገረው ቀጥሎ ከምለው ጋር ማንም እንዳያያይዘው ነው። ልጆች መያዟን ብትቀጥልም ይወለዱ ነበር ወይ፣ ብታቆም ነው ወይ የተወለዱት፣ ያን ማንም አያውቅም።

የነገርኳት ቀን ሰኞ ነው፣ ከረፋዱ ላይ። አውሎው የሆስፒታሉን ቆርቆሮ ያንጓጓ ነበር። አንዲት እናት ክንዱን የተሰበረ ወንድ ልጅ ታቅፋ ራጅ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፣ ልጁ ይጮኻል፣ አደን ተጣራ። እኔ ከዚህ ሮዳ ከዚያ በአንድ ጊዜ በሩ ላይ ደረስን። ሮዳ ክንዷን በሩ ላይ ዘረጋችና መንገድ ዘጋችብኝ።

«ኤዶ፣ ዛሬስ አልለቅም» አለች። «አንቺ ዓመታት ሙሉ ተመርቀሻል። አሁን የእኔ ተራ ነው።»

«ምርቃቱ ለእኔ ምን አመጣልኝ ሮዳ?»

«ምን ያምጣልሽ? አሜን አትዪም ነበር አሉ። አደን ነግሮኛል። ልጁን አስረክበሽ ወደ መጥረጊያሽ ነው የምትሄጂው። አሜን ያልተባለ ምርቃት የት ይደርሳል?»

ይህን ልክ እንደዚያ ነው ያለችው፤ ለመስደብ ሳይሆን ስህተቴን ልታሳየኝ። እውነት ነው፣ አሜን ብዬ አላውቅም። ክንዷን ያዝኳትና ከበሩ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። «ሮዳ፣ ደሜን በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ» አልኳት። ነገርኳት። ነጥቦቹን፣ የአደንን የግመል ጭነት፣ ሽርጡን ማውለቄን፣ ሁለተኛውን ቆጠራ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ ሌላ ጊዜም ከፍ አላደርግም። ሮዳ መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ።

«ከነዚህ ልጆች ነው የመጣብሽ?»

«አላውቅም። ዕድሜ ሊሆን ይችላል።»

«ካላወቅሽ ታዲያ ለምን ታስፈራሪኛለሽ?»

«አላውቅም ማለት የለም ማለት ስላልሆነ ነው። እኔ የማደርገውን ሳላውቅ ነው የያዝኩት። አንቺ አውቀሽ ምረጪ።»

ከኋላዬ የራጅ ቤቱ በር ተከፈተ። አደን ስንዘገይበት ሊጠራን ወጥቶ ቆሟል፤ የቱ ላይ እንደደረሰ አላየሁም። ፊቱ ሁሉን እንደሰማ ሰው ፊት ነበር። ሽርጡ በእጁ ነው።

«አስካለ» አለ፤ አባዮ አላለም። «ስንት ልጅ ነው የያዝሽልኝ?»

«አልቆጠርኩም።»

«አንቺ? ሴል ሳይቀር የምትቆጥሪው?»

«እኔ።»

አደን ራሱን ዝቅ አደረገ። ብዙ ነገር ሊል የፈለገ ይመስለኛል፤ ልጁ ግን ይጮኻል፣ እናትየው ሦስታችንን በተራ ታያለች። በመጨረሻ ያለው ለእኔ አልነበረም። ወደ ሮዳ ዞረና «አንቺም አትገቢም፣ እሷም አትገባም» አለ። «ማን ይያዘው ታዲያ?» አለች ሮዳ። መልሱን አልጠበቀችም፤ ጉርዷን ሰብስባ ወደ ግቢው ወጣች። ዛፉ ሥር የተቀመጡት ወንዶች ጋ ደርሳ ወገቧን ይዛ ስትቆም በመስኮቱ አየኋት።

«ክንዱ የተሰበረው ልጅ አባት ማነው?»

መፋቂያ በአፉ የያዘ ሰው ሳይነሳ «እናቱ እዚያ አለች አይደል እንዴ?» አለ።

«እናቱ ወልዳዋለች። አንተ ደግሞ ያዘው።»

ዛፉ ሥር ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሰውየው መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ተነሳ። አደን ራሱ አለበሰው፤ የእርሳሱን ሽርጥ ከሰውየው ባለመስመር ሽርጥ በላይ ሲያስረው «በሽርጥ ላይ ሽርጥ፣ ዛሬ ሙሽራ ሆነሃል» አለው፤ ድምፁ ግን የቀልድ ድምፅ አልነበረም። ልጁ ጥቁሩን ነገር አይቶ ለቅሶውን አሳደገ፤ ከዚያ ከላዩ ያለውን ፊት አየና የአባቱን ጢም በደህናው እጁ ጨብጦ ዝም አለ። በሩ ተዘጋ።

ሲከፈት እናትየው ልጇን ተቀብላ ልትሄድ ነበር። ባሏ ነው የያዘው፤ ለባል ደግሞ ይህ ምርቃት የለም። ሮዳ ቀደመቻት።

«እኔ አልያዝኩትም» አለቻት፤ «አባቱን ያስነሳሁት ግን እኔ ነኝ። ምርቃቴን።»

እናትየው የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ልጁን በአንድ ክንዷ አስተካክላ ሌላውን ዘረጋችና «አላህ ልጅ ይስጥሽ» አለች። ሮዳ ዓይኗን ጨፍና አሜን ብላ መዳፏን ከፊቷ ወደ ሆዷ አወረደች። ከዚያ ዓይኗን ስትገልጥ እኔን አየችኝ።

«ኤዶንም መርቂያት» አለች። «ለእሷ ልጁ ይቅርና ጤናውን በዪላት።»

«ዕድሜና ጤና ይስጥሽ» አለችኝ ሴትየዋ።

ሮዳ ክንዷን አጣምራ ትጠብቀኛለች። አሜን አልኩ። «አልተሰማም» አለችኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።